በሕዝቡ ፈቃድ

ሽማግሌው ዪፕ ሆክ-ሰን ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ዕለቱ የሙታን መታሰቢያ ስለነበረ የሆንግ ኮንግ ሕዝብ መጥረጊያና አበባ ይዞ ወደ መቃብር ኮረብታዎች ወጥቷል። ከሕንፃው ሥር ደረቅ ዓሣ የምትሸጠው ሴት ግን ሱቋን አልዘጋችም። ሽማግሌው ጠዋት ጋዜጣቸውን ሊወስዱ አለመውረዳቸው ሲከነክናት ዋለና እያለከለከች ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጋ አየች፤ ጩኸቷን አቀለጠችው።

ኢንስፔክተር ቹንግ ዪ-ሁንግ ሲደርስ መጀመሪያ ዓይኑን የያዘው በሩ ነበር። በሰፊ ብሩሽ፣ በቀይ ቀለም «የገዥው ምላስ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ረዳቱ ሳጅን ፖን ሱክ-ላይ ቀለሙን በጥፍሯ ጫር አደረገችው። «ደርቋል አለቃ። የዛሬ አይደለም።»

«ሰውዬው ምን ነበሩ?»

«አስተርጓሚ። ሠላሳ ዓመት ለእንግሊዝ ገዥዎች ሲያስተረጉሙ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ጎረቤቶቻቸው አምስት ገዥ ሸኝተዋል ይላሉ።» ሳጅኗ ፈገግ አለች። «የመጨረሻውን ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ሁላችንም እንሸኘዋለን።»

እንግሊዞች ከተማዋን ለቻይና ሊያስረክቡ ሦስት ወር ነበር የቀራቸው። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ቁጭ ብድግ ይል ነበር፤ ቹንግም እንደ ሰው ነው። ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ወንበር አይበረክትለትም። ጣቱን እያንቋቋ ወደ ውስጥ ገባ።

ሽማግሌው ወለሉ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። አጠገባቸው የብረት ሣጥን አለ፤ ማዕዘኑ ላይ ደም ረግቷል። ከሣጥኑ አንሥቶ እስከ ስልኩ ጠረጴዛ ድረስ በወለሉ ላይ የተጎተተ ደም ይታያል። ስልኩ ግን ጠረጴዛው ላይ የለም። ማዶ፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሏል።

ሐኪሙ ከተንበረከከበት ተነሣ። «የሞቱት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ባለው ነው። ወድቀው ወዲያው አልሞቱም። አንድ ሰዓት ያህል ነፍሳቸው ነበረች።»

«ሰው ቢጠራላቸውስ?»

«ይድኑ ነበር ብዬ አልምልም። ዕድል ግን ነበራቸው።»

ቹንግ ጓዳ ገባ። ዕቃ ማጠቢያው ያደረ ሳህንና ድስት ሞልቶታል። ከዚያ ሁሉ መሐል አንዲት የሻይ ስኒ ብቻ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ተደፍታለች። ሁለተኛዋ ስኒ ሳሎን ውስጥ፣ የረጋ ሻይ እንደያዘች ተቀምጣለች።

«እንግዳ ነበራቸው» አለች ፖን። «እንግዳው የራሱን ስኒ አጥቦ ነው የሄደው። ቴፑም ክፍት ነው፤ ካሴቱ የለም።»

ቹንግ ወደ ሳሎን ተመለሰ። ከስኒዋ አጠገብ ሦስት አረንጓዴ የሩዝ ሙልሙሎች በሳህን ቀርበዋል፤ እያንዳንዱ ሥር ቅጠል ተነጥፎለታል። አንዱን ቅጠል አንሥቶ አሸተተ። ሽታው የእናቱ ወጥ ቤት ሽታ ነው።

*

እናቱ ሎ ኩዋይ-ላን ስድሳ ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት በዚያን ቀን ከቤት አልወጣችም። ቹንግ ሲገባ አተር እየፈለፈለች ነበር።

«እማ፣ የሩዝ ሙልሙል በትርንጎ ቅጠል ላይ የሚያበስል ማን ነው?»

«እኛ ነና! ሌላው በሙዝ ቅጠል ነው። በትርንጎ የሞክ ታን ሰው ብቻ ነው።»

«ወንድ ይሠራዋል?»

«ወንድ!» ሳቀች። «የሞክ ታን ወንድ እኮ ውኃ ያሳርራል። አሁንማ የምንችለው ሰባት ሴቶች ብንቀር ነው። ምነው አማረህ እንዴ?»

ሞክ ታን እናቱ የተወለደችበት መንደር ነው፤ ዛሬ ዓሣ ነው የሚኖርበት። ገዥው ሰር ሁበርት ዴንስሎ ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ ፈልገው ሸለቆውን ገደቡት። መንደሩ ቤቱ፣ እርሻው፣ መቃብሩ ሳይቀር ውኃ ከገባበት አርባ አንድ ዓመት አለፈው። በእናቱ ቤት ግድግዳ ላይ የመንደሩ አለቃ የሽማግሌው ዋን ፎቶ ተሰቅሏል። ዋን በገዥው እግር ላይ ተንበርክከው «አታስጥሙን» ብለው የለመኑ ሰው ናቸው። ይህን ታሪክ ቹንግ ከጡት ጋር ነው የጠባው።

«ዪፕ ሆክ-ሰን የሚባሉ ሰው ታውቂያለሽ?» አላት።

የእናቱ እጅ አተሩ ላይ ቆመ። «አስተርጓሚው?»

«ዛሬ ሞተው ተገኙ። ቤታቸው የሞክ ታን ሙልሙል አግኝቻለሁ።»

እናቱ ጣሳውን አንሥታ ወደ ጓዳ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ቢያናግራት መልሷ «እህ» ብቻ ሆነ።

*

ቀለም ቀቢው እሑድ ረፋዱ ላይ ተያዘ። ላው ቢንግ የሚባል የታክሲ ሹፌር ነው፤ ወላጆቹ የሞክ ታን ሰዎች ነበሩ። ጥፍሩ ሥር ያለው ቀይ ገና አልለቀቀም።

«አዎ፣ ቀብቻለሁ!» አለ ሳይጠየቅ። «በሩንም ቀብቻለሁ፣ ግድቡ ላይ ያለውን የገዥውን የነሐስ ሰሌዳም ቀብቻለሁ። ረቡዕ ዕለት። አለቃ፣ ሰሌዳውን አንብበኸው ታውቃለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«‹ይህ ውኃ በሞክ ታን ሕዝብ ፈቃድ ለከተማዋ ተሰጠ› ይላል። ማነው የፈቀደው? ሽማግሌው ዋን እንደ ሕፃን ተንበርክከው ሲያለቅሱ፣ ያ ምላሱ የተሸጠ አስተርጓሚ ለገዥው ‹ተስማምተዋል› አለው! አባቴ መሬቱን እያሰበ ነው የሞተው። ገዥው ግን መንገድ በስሙ ተሰየመለት። እኔ በየቀኑ ሰው ጭኜ ‹ዴንስሎ መንገድ ወራጅ አለ?› እላለሁ!»

«ስለዚህ ገደልካቸው።»

«ብገድላቸው ኖሮ እነግርህ ነበር።»

«ቅዳሜ ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት የት ነበርክ?»

ላው ቢንግ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረ። «ካውሉን፣ ትራፊክ ፖሊስ ጣቢያ። አንዱ ትራፊክ ከሰሰኝ፤ እኔም አፌን መያዝ አቃተኝ። እስከ ስድስት ሰዓት አስቀመጡኝ።» ቀና አለ። «ምስክሬ ፖሊስ ነው አለቃ። እንግዲህ ፖሊስ ይዋሻል በላ!»

ፖን ስልክ ደውላ ተመለሰች። «እውነቱን ነው። የተሳደበውን ስድብ ሳይቀር መዝግበውታል። ላንብብልህ?»

«ይቅርብኝ» አለ ቹንግ።

በሽማግሌው ማስታወሻ ላይ በተደጋጋሚ የተጻፈ አንድ ስም ነበር፤ ትሬሊስ። የድሮ ዕቃ የሚነግድ እንግሊዛዊ ነው። የገዥዎቹ ዘመን ሊያበቃ ሲል የገዥዎቹ ወንበር፣ ማንኪያ፣ ደብዳቤ ሁሉ ተፈላጊ ሆኖ ነበር። ትሬሊስን ያገኙት ከማካው መርከብ ሲወርድ፣ ሻንጣውን እንደያዘ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ዓርብ መውጣቱን፣ እሑድ መመለሱን የሚያሳይ ማኅተም አለ።

ዜናውን ሲሰማ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ። ካንቶንኛውን አቀላጥፎ ነው የሚናገረው።

«ምስኪን ዪፕ! ሰር ሁበርት ዴንስሎ ትተውላቸው የሄዱ አንድ ደብዳቤ ነበራቸው። ስድስት ወር ለመንኳቸው። ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ነገሩኝ። ‹አልሸጥም፤ ለሞክ ታን ሰዎች እሰጠዋለሁ። ባንዲራው ሳይወርድ እውነቱን ይወቁ› አሉኝ። የሆነውንም በካሴት ቀድተው ጨርሰው ነበር።»

«ደብዳቤው ምን ይላል?»

«አላሳዩኝም። ‹ገዥው የዋሹ ይመስላችኋል፤ ገዥው የሰሙትን ነው ያስጻፉት› አሉ። ሌላ ነገር አልወጣቸውም።»

ሲመለሱ ፖን መኪናውን እየነዳች «አለቃ፣ ነገሩ ከመንደሩ ሰው አይወጣም» አለች። «ሙልሙሉም ደብዳቤውም ወደዚያው ነው የሚመራን።»

«እናቴ የዚያ መንደር ልጅ ናት።»

ፖን ከመንገዱ ዓይኗን ነቅላ አየችው። «ለበላዮቹ ልንገርልህ? ምርመራውን ለሌላ ሰው ይስጡት?»

«እስከ ነገ ማታ ጠብቂኝ» አላት።

*

የሞክ ታን ተወላጆች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሊቀመንበሯ መምህርት ዋን ሳው-ፒንግ ናቸው፤ የእኒያ የተንበረከኩት አለቃ ልጅ። ቹንግ ሰኞ ጠዋት በሩን ሲያንኳኳ የስድስት ዓመት ልጅ የሆነ መሰለው። ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸውና።

«ዪ-ሁንግ! ልጄ፣ ከስተሃል። እናትህ አታበላህም?»

«ታበላኛለች መምህርት። ለሥራ ነው የመጣሁት።»

ስለ ዪፕ ሞት ሲነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ክፉ ሰው ነበሩ። ቢሆንም ለሰው እንዲህ ያለ ሞት አይመኙለትም።»

«ከሟቹ ቤት የትርንጎ ቅጠል አግኝተናል። ሙልሙሉን የሚሠሩት ሴቶች ቅዳሜ ጠዋት የት ነበሩ?»

«የት ይሆናሉ? ግድቡ ላይ፣ ከእኔ ጋር! በየዓመቱ በዚያን ቀን ውኃው ዳር እንሰግዳለን። አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ።» መሳቢያቸውን ከፍተው ፎቶ ሰጡት። «ይኸው፤ እየን።»

ፎቶው ላይ አምስት አሮጊቶች ተደርድረዋል። መምህርት ሳው-ፒንግ ከመካከላቸው፣ የገዥውን ሰሌዳ ከኋላቸው አድርገው ቆመዋል። ቹንግ እፎይ ብሎ ፎቶውን ኪሱ ከተተ። ደረጃውን ሲወርድ ግን ያ እፎይታ አብሮት አልወረደም።

ፖን እስከ ቀትር አምስቱንም አነጋገረች። «ሁሉም እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ። ሲያበስሉ፣ ሲያቀርቡ ነበር። ስለ መምህርቷ ስጠይቅማ ሳቁብኝ። ‹ሳው-ፒንግ ቀርታ ታውቃለች?› ነው የሚሉት።»

«ስግደቱ ላይ አየናት ያለ ማን ነው?»

ፖን ማስታወሻዋን አገላበጠች። ደግማ አገላበጠች። «ስግደቱ ላይ አየኋት ያለ የለም። ቀርታ አታውቅም ነው ያሉት።»

ቹንግ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ።

ግድቡ ላይ ነፋስ ነበር። ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች በቀይ ቀለም ተለቅልቋል፤ «ፈቃድ» የሚለው ቃል ጨርሶ አይነበብም። ቹንግ ፎቶውን አውጥቶ ከፊት ለፊቱ ያዘው። በፎቶው ላይ ነሐሱ ያብለጨልጫል፤ ጠብታ ቀለም የለበትም።

«ይህ ቀለም መቼ ነው የተቀባው?» አለ የግድቡን ጥበቃ።

«ረቡዕ።»

«ቅዳሜስ እንዲሁ ነበር?»

«እንዲሁ ነበር። ሦስት ወር ለቀረው ገዥ ማን ነሐስ ያሻል ብለህ ነው?»

«መምህርት ዋንን ታውቃቸዋለህ?»

«ታዲያ! ቅዳሜ ግን ምን እንደነካቸው እንጃ። ስግደቱ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ታች መንገዱ ዳር ምሳ ሲበላ ነው የደረሱት። ፀጉራቸው እንኳ በወጉ አልተሰበሰበም። ወደ ግድቡም አልወጡ፤ ትንሽ ተቀምጠው ተመለሱ።»

ቹንግ ውኃውን አየ። ፎቶው የአምና ነው። መምህርቷ ዘንድሮ ወደ ሰሌዳው ስላልቀረቡ ቀለሙን አላዩትም። በሠላሳ ስምንት ዓመት ዕድሜው መልስ ማግኘት እንዲህ አስጠልቶት አያውቅም።

*

በሩን ራሳቸው ከፈቱለት። ፖን ከኋላው ቆማለች። ቹንግ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«መምህርት፣ ሰሌዳው ረቡዕ ቀይ ተቀብቷል።»

ፎቶውን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ የተማሪ ስሕተት እንዳረመ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ» አሉ ቀስ ብለው። «ድሮም ነገር አያመልጥህም ነበር።»

«የሚሉት ሁሉ በማስረጃነት ይመዘገባል። ጠበቃ ይጠሩ።»

«ተወው። ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። እሳቸው ተነሥተው ከአልጋቸው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ አንድ ካሴትና አንድ የወየበ ደብዳቤ አለ።

«ሽማግሌው ስልክ ደወሉልኝ። ‹በሙታን ቀን ነፍሴን ላሳርፍ፤ ነይ› አሉኝ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ መሰለኝ። አርባ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ይቅርታ ነው። ሌሊቱን ሙልሙል ስሠራ አደርኩ፤ ባዶ እጄን መሄድ ነውር ነው ብዬ። ሻይ ቀዱልኝ፤ ካሴቱን ከፈቱት።»

«ምን ይላል?»

«አባቴ ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ተደብቆ ቤታቸው ሄዷል። ‹ነገ ሕዝቡ ፊት ተንበርክኬ አለቅሳለሁ፤ አንተ ግን ለገዥው ተስማምተዋል በልልኝ። ውኃው እንደሁ አይቀርልን፤ ልጄ ግን ትትረፍልኝ› ብሏቸዋል። ገዥው ቀድሞ ቃል ገብቶለት ነበር። ሕዝቡ ያለ ሁከት ከለቀቀ እኔን የመምህራን ትምህርት ቤት ያስገባኛል።» ደብዳቤውን ገለጡት። ከታች ጎላ ያለ ፊርማ አለ። «ስሜ ይኸውልህ፤ በገዥው በራሱ እጅ የተጻፈ። ዪ-ሁንግ፣ መንደሩ የተሸጠው በኔ ነው። ያስተማርኩህ እያንዳንዱ ፊደል የተከፈለው በሞክ ታን ነው።»

ፖን መጻፏን አቆመች።

«ይህን ሰኔ ላይ ለማኅበሩ ሁሉ አሰማለሁ አሉኝ። ደብዳቤውን ነጠቅሁ፤ እጄን ያዙኝ፤ ገፋኋቸው። መግፋት ብቻ ነው።»

«ከዚያ በኋላስ? ስልኩ?»

«ወደ ስልኩ ተጎተቱ። አንሥቼ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ‹ልጄ፣ እባክሽ› አሉኝ፤ ቃላቸው ይኸው ነው። እኔ ተቀምጬ አየኋቸው። ዝም ሲሉ ተነሥቼ ስኒዬን አጠብኩ። ለምን ስኒ እንዳጠብኩ አላውቅም። ያስለመዱኝ ነገር ነው።»

«ካሴቱን ለምን አላጠፉትም?»

«አባቴን በእውነት ያወቀ ሰው ድምፅ ነው። እንዴት ላጥፋው?»

እጃቸውን ዘረጉ። ቹንግ ካቴናውን አውጥቶ ያዘው እንጂ ማሰር አልቻለም። ፖን ከእጁ ወስዳ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህርት» ብላ አሰረቻቸው።

*

በማግስቱ ጠዋት ቹንግ እናቱ ቤት ሄደ። ወሬውን ከጋዜጣ እንድትሰማው አልፈለገም። ሳይቀመጥ፣ ከመስኮት ወደ በር እየተመላለሰ ሁሉንም ነገራት፤ መንበርከኩን፣ ደብዳቤውን፣ ስልኩን። ታለቅሳለች ብሎ ነበር። አላለቀሰችም።

«አስተርጓሚው ያለውን ሰምቼዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«በዚያን ቀን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሁለት ዓመት የአንድ እንግሊዝ መኮንን ልጆች ሞግዚት ሆኜ ቋንቋቸውን ለምጃለሁ። ዋን መሬቱን በግንባራቸው እየደበደቡ ያለቅሳሉ፤ አስተርጓሚው ለገዥው ‹ደስ ብሏቸው ይሰጣሉ፤ የሚያለቅሱት ከአክብሮት ነው› አለው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እና ዋንን አየኋቸው። ከለቅሷቸው መሐል አንድ ጊዜ ቀና ብለው አስተርጓሚውን አዩት። ሰው የበደለውን ሰው እንደዚያ አያይም፤ ‹ጨረስክ?› ብለው ነው ያዩት።»

«ለማንም አልተናገርሽም?»

«ማታውን ለአባቴ ነገርኩት። በጥፊ አጮለኝ። ‹ውኃው ቤታችንን ወሰደ፤ አንቺ ደግሞ አለቃችንን ልትወስጂ ነው?› አለኝ። ከዚያ ወዲያ የቀረን ነገር እኮ ያ መንበርከክ ብቻ ነበር፣ ዪ-ሁንግ። ሳው-ፒንግ ደግሞ መምህር ሆና መጣች፤ ልጆቻችንን አስተማረችልን። ሄጄ ምን ልበላት?»

ቹንግ ቆመ። «ብትናገሪ ኖሮ ሽማግሌው በሕይወት ይኖሩ ነበር። እሷም አትታሰርም ነበር።»

«አውቃለሁ። ቅዳሜ ሞቱ ካልከኝ ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም።» ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች፤ የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ ከተሰቀለው ፎቶ ሥር ቆመች፤ አላወረደችውም። «ዳኛው ፊት ያ አስተርጓሚ ዋሾ ከዳተኛ ተብሎ መቅረት የለበትም። ሳው-ፒንግም ያለ ምክንያት ሰው የገደለች መባል የለባትም። ወረቀት አውጣ።»

«እኔ አልችልም እማ። ልጅሽ ነኝ፤ ሕጉ አይፈቅድም።»

«የሚፈቅድለትን ጥራዋ!»

ፖን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረሰች። እናቱ ወንበር አቀረበችላትና ገና ብዕሯን ሳትከፍት መናገር ጀመረች። መንደሩን፣ ስብሰባውን፣ የገዥውን ነጭ ጫማ፣ የአስተርጓሚውን እያንዳንዱን ቃል በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በራሷ ቋንቋ። ቹንግ እናቱ እንግሊዝኛ ስትናገር ሰምቶ አያውቅም ነበር። ፖን እየተሯሯጠች ብትጽፍም አልደርስባት አለች።

«ቀስ ይበሉ አክስቴ» አለች በመጨረሻ፣ እጇን እያራገፈች።

«አርባ አንድ ዓመት ቀስ ብያለሁ ልጄ» አለች እናቱ። «አሁን አንቺ ፍጠኚ።»